ከአባት ስም አትጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሴት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን በበጎ ፈቃደኝነት እንግሊዝኛ ማስተማር ጀምረሻል። ዕድሜያቸው ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ነው። «አፋቸውን አይከፍቱልኝም፣ መጽሐፍም የለኝም፣ ምን ላድርግ?» ብለሻል። እኔ እንዲህ ባለ ቤት አራት ዓመት አስተምሬአለሁ። የመጽሐፉ ነገር አያስጨንቅሽ። እኔ መጽሐፍ ነበረኝ፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

አብዛኛው የጀማሪ መጽሐፍ ገና ከመግቢያው «ቤተሰቤ» የሚል ምዕራፍ አለው። እንዳለ ወሰድኩትና «አባትሽ ሥራው ምንድን ነው?» እያልኩ በእንግሊዝኛ በተራ ጠየቅሁ። የመጀመሪያዋ ትንሽ አሰበችና «ዶክተር» አለች። ቀጣይዋም «ዶክተር»። ሦስተኛዋም። ዘጠኝ ልጆች ዘጠኝ ዶክተር አባት ሲያመጡልኝ እኔ አነጋገራቸውን እያረምኩ «ጎበዝ!» እላለሁ። አሥረኛዋ አልመለሰችም፤ እርሳሷን ደብተሩ ላይ ተጭና ተጭና ጫፉን ሰበረችው። ስወጣ ሞግዚቷ በር ላይ ጠብቃ፣ ነገር ሳታበዛ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ቤት አባት አይጠየቅም» አለችኝ።

ስለዚህ ቤተሰብን፣ የልደት ቀንን፣ «የእረፍት ጊዜሽን የት አሳለፍሽ?»ን ዝለያቸው። (የተወለደችበትን ቀን የማታውቅ ልጅ መኖሯን የተረዳሁት በሌላ ቀን፣ በሌላ ስሕተት ነው።) እናት፣ አባት፣ ወንድም የሚሉት ቃላት ሲያስፈልጉ ለዝሆንና ለጥንቸል ስጫቸው። ስለ ጥንቸል ወንድም ማውራት ማንንም አያስጨንቅም።

ዝምታቸውን አትፍሪው። ጄምስ አሸር የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሕፃን አስቀድሞ ሰምቶ ይታዘዛል፣ መናገር በኋላ ይመጣል ከሚል መነሻ፣ ትእዛዝን በአካል እንቅስቃሴ በመፈጸም ቋንቋ የሚያስተምር ዘዴ ቀርጸዋል። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የሠራልኝ ይህ ነው። መጀመሪያ «ስታንድ አፕ»፣ «ተርን አራውንድ»፣ «ተች ዘ ዶር» እያልሽ አንቺው ሠርተሽ አሳዪያቸው፤ ከዚያ እነሱ ይሥሩ። አንድ ወር ሙሉ ማንም እንዲናገር አታስገድጂ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእኔዎቹ አዛዥ ለመሆን ይጋፉ ጀመር። ቀኑን ሙሉ በደወል የምትነሣና የምትተኛ ልጅ መምህሯን ማስነሣትና ማስቀመጥ ሲፈቀድላት ፊቷን ማየት ነው።

ንባብ ላይ የእኛን ፊደል የለመደ ሰው የሚሳሳተው ስሕተት አለ። «በ» ስሟም ድምፅዋም «በ» ነው። የ«ደብልዩ» ድምፅ ግን በስሟ ውስጥ የለም፤ የ«ኤች»ም እንደዚሁ። ደግሞም 26 ፊደላት 44 ገደማ ድምፆችን ይሸከማሉ። ፊደሉን በዜማ ከዳር እስከ ዳር የምታወርድ ልጅ አንዲት ቃል ማንበብ የሚያቅታት ለዚህ ነው። ስሙን ተዪውና ከድምፁ ጀምሪ፦ ስ፣ አ፣ ት፣ ፕ፣ ኢ፣ ን። ከስድስቱ ብቻ ሲት፣ ፒን፣ ታፕ፣ ናፕ እያልሽ ከሃያ በላይ ቃል ትሠሪያለሽ። የካርቶን ቁራጭና አንድ ማርከር ይበቃል።

ትልልቆቹ ልጆች ግን ይከብዳሉ። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር «ፒን» እያለች መቀመጥ ስላሳፈራት በየጊዜው ራሴን አመመኝ ትላለች። ረዳቴ አደረግኋት። ትንንሾቹን እንድታስተምር ከክፍሉ በፊት ሃያ ደቂቃ ቀድማ ትመጣና እኔ ለብቻዋ አስጠናታለሁ፤ መማሯን ማንም አላወቀባትም። ይህን ስታደርጊ በሩ ክፍት ይሁን፣ ሞግዚቷም ትይ። ከአንዲት ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻሽን አትቀመጪ። ጉዳት እንደደረሰባት ብትነግርሽም «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ ለሚመለከተው ኃላፊ ማድረስ አለብሽ። ፎቶ የሚባል ነገር ደግሞ እርሺው።

ደብተሩ በስማቸው ይሁን፣ ከተቻለም እነሱ ጋር ይደር። ሁሉ ነገር የጋራ በሆነበት ቤት የራስ ደብተር ትልቅ ነገር ነው። የእኔዎቹ ልጆች ደብተር መጀመሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ለማስከፈት ሁለት ወር ለመንኩ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አሥር ደቂቃ እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመሩ፤ ለውጡ የመጣው ከእኔ ክፍል ይልቅ ከዚያ ነው።

ልጆች በድንገት እንደሚሄዱም ጠብቂ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ ክብካቤ (ከወላጆቹ ጋር የማይኖር ልጅ የሚያገኘው እንክብካቤ) መመሪያ፣ ልጅን ከቤተሰብ መለየት የመጨረሻ አማራጭ፣ በተቻለ መጠንም ጊዜያዊ እንዲሆን ይላል። ስለዚህ ወደ ዘመድ የምትመለስ ልጅ ትኖራለች፤ ደስ ሊልሽ ይገባል። እያንዳንዱ ትምህርት ግን በራሱ የሚቋጭ ይሁን፤ «በሚቀጥለው እንጨርሰዋለን» አትበዪ።

የምትጨርሺበትን ቀንም ካሁኑ ንገሪያቸው፤ ስትቀሪ አስቀድመሽ አስታውቂ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልናገር ቀረሁ። በሳምንቱ ገብቼ «ስታንድ አፕ» ስል አንዷም አልተነሣችም። ሁሉም ቃሉን ያውቁታል። እስኪነሡልኝ ድረስ ሦስት ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ።