ኦዲቱ እስኪያልቅ ዝም አይበሉ

እኅቴ፣ በምትመሩት የቁጠባና ብድር ማኅበር ጉድለት መገኘቱን፣ እርስዎም ለአባላት አሁን ይንገሩ ወይስ የኦዲቱን ውጤት ይጠብቁ ብለው መቸገርዎን አነበብሁ። ባሕር ዳር ላይ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ስመራ ይኸው ነገር ስለ ገጠመኝ፣ የእናንተም ከዚያ የሚለይ አይመስለኝምና ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

1. ዛሬውኑ ሰነዱን ያሽጉ። ደረሰኙም፣ የባንክ መግለጫውም፣ ቼኩም በቁጥጥር ኮሚቴው ፊት ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ይፈረምበት። ገንዘብ ያዡ ራሱ ቆሞ ይቁጠር፤ እርሱ በሌለበት የተቆጠረ ሁሉ ኋላ ክርክር ያስነሣል።

2. ለአባላት ይንገሩ። ከእኔ በፊት የነበረው አመራር «ኦዲቱ ይለቅ» እያለ ነገሩን አፍኖ ያዘ። ከዘጌና ከደቅ ዓሣ የሚያመጡት አባሎቻችን ግን ጉድለቱን የሰሙት ከነጋዴ አፍ ነበር። ከሰሙ በኋላ ቀረሶውንም አምባዛውንም ለግል ነጋዴ ይሸጡ ጀመር፤ ማቀዝቀዣችን ባዶውን ሲሠራ ይውላል፣ የመብራቱ ሒሳብ ግን ይቆጥራል። ማኅበሩን ሊያፈርሰው የደረሰው ከካዝናው የጎደለው ብር ሳይሆን በዝምታው ምክንያት የቀረው ዓሣ ነው።

እኔ በተመረጥሁ ጊዜ ምክር ፍለጋ የሄድሁበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ተቀመጥ እንኳ ሳይለኝ፣ «ሰው ሰብስበህ ሁከት ልታስነሣ ነው?» አለኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው ይላል፤ በሌሊት ሐይቅ ላይ ሲያሰግር አድሮ የማኅበሩን ዕጣ፣ ማለትም ድርሻ፣ የገዛ ሰው ስለ ገዛ ገንዘቡ መስማቱ ሁከት የሚባለው በምን ሕግ ነው? «ምርመራው ሳያልቅ አይነገርም» የሚሉዎትን የመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን አደጋ ያስታውሷቸው። 157 ሰዎች ባለቁበት በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም አውሮፕላኑ ከወደቀበት ስፍራ ተገኝተዋል፤ አየር መንገዱም የአሜሪካ ባለሥልጣናት ከመወሰናቸው በፊት የዚያን ዓይነት አውሮፕላኖቹን ከበረራ አግዷል። የአደጋው መንሥኤ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

እኔም አስቸኳይ ጉባኤ ጠርቼ የተረጋገጠውን ጉድለት፣ ገና ያልተጣራውንና ቀጣዩን መግለጫ የምንሰጥበትን ቀን ነገርኋቸው። የኮሚቴውን አበል፣ የራሴን ጨምሮ፣ እዚያው አስቆምሁ። «ሌባው ይጠራ!» ብለው ሲጮኹ ግን አልጠራሁም፤ ያልተፈረደበትን ሰው ስም በጉባኤ መጥራት ለበደልም ለክስም ይዳርጋልና በእርስዎም ስብሰባ ይህ ጩኸት ሲነሣ አይበገሩ። ዓሣው ቀስ በቀስ ተመለሰልን፤ በዚህ እኮራለሁ።

3. ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ፣ ማንበብ የሚችሉ ሁለት አባላት ጉባኤው ራሱ ይምረጥ፤ የባንክ መግለጫውን እነርሱ ቆመው ያንብቡት እንጂ እርስዎ አያንብቡት።