አንገቷን የምትደፋው ልጅና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። ሁሉም የተላኩት በሰው አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «ባልደረባዬ በየጠዋቱ "እንዴት ነህ?" ይለኛል፤ መልሴን ሳይሰማ ግን ያልፋል። ንቆኝ ይሆን?»

አልናቀህም። እዚያ ይህ ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ደህና፣ አንተስ?» ብለህ እለፍ። እኛም እኮ እያመመን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ልዩነቱ እኛ ቆም ብለን፣ እጅ ይዘን፣ ቤተሰቡን አንድ በአንድ መጠየቃችን ነው። ያ ከናፈቀህ ምሳ አብራችሁ ብሉ።

ከነታንያ፣ እስራኤል፦ «የ12 ዓመት ልጄ መምህርቷ ስታናግራት አንገቷን ትደፋለች። መምህርቷ "በራሷ አትተማመንም፣ አትሳተፍም" አለችኝ። እኔ ግን ትልቅ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው ብዬ ነው ያሳደግኳት። ተሳስቻለሁ?»

አልተሳሳትሽም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በእኛ ዘንድ አንገቷን የደፋች ልጅ ጨዋ ናት፤ ያፈጠጠችው ደግሞ ዓይን አውጣ ትባላለች። እስራኤል ውስጥ ግን ሳይሸፋፍኑ ፊት ለፊት መናገር ይወደዳል፤ «ዱግሪ» የሚል የራሱ ስም እንኳ አለው። ዕብራይስጥ ደግሞ «እርስዎ» የሚል ቃል የለውም። ልጅ መምህሩንም ሽማግሌውንም «አታ»፣ ማለትም «አንተ» ይላል። በ1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያንን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ ለገቡ አረጋውያን ይህን ከገዛ የልጅ ልጅ አፍ መስማት ቀላል አይደለም።

እባክሽ መምህርቷን ሄደሽ አነጋግሪያት። አንገት መድፋት ለእናንተ «እየሰማሁሽ ነው፣ አከብርሻለሁ» ማለት እንደሆነ ንገሪያት። ልጅቷ እጇን እስክታወጣ ከመጠበቅ በስሟ እንድትጠራት ለምኛት። የአክብሮት ዝምታ የችሎታ ማነስ ተብሎ ሲመዘገብ በጣም ያመኛል፤ ልጅቷ ከደረጃዋ በታች ልትመደብ ትችላለችና። ለልጅሽም «ትምህርት ቤት ቀና በይ፣ አያትሽ ፊት እንዳስተማርኩሽ ሁኚ» በያት። ሁለት ቋንቋ የምትችል ልጅ ሁለቱንም ትችላለች።

ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን፦ «ምሳ ተጋብዤ "ትጨምሪያለሽ?" ሲሉኝ "አይ፣ በቃኝ" አልኩ። ወዲያው ሳህኑን አነሱት። እንደራበኝ ወጣሁ።»

አይዞሽ! «በሞቴ» እስኪሉሽ ጠብቀሽ ነበር። እነሱ ግን «አይ» ያለን ሰው ማስገደድ ነውር ይመስላቸዋል። ቃልሽን አምነው ነው ያነሱት። ሌላ ጊዜ ገና ሲጠይቁሽ «አዎ» በይ።

ከዳላስ፣ ቴክሳስ፦ «"አዎ" ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስስብ፣ የሥራ ጓደኞቼ "ምነው፣ ምን አስደነገጠሽ?" ይሉኛል። ልተወው?»

አትተዪው። በሰሜን ስዊድንም ሰዎች ልክ እንደ እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው «አዎ» ይላሉ። አንዴ «እሺ ማለቴ ነው» ብለሽ ብታስረጂያቸው ይለምዱታል።