«አንዲት ብሎን ብቻ ናት» ለምትሉ ልጆቼ

አብራችሁኝ የምትሠሩ ልጆቼ፣ መነጽር አድርጉ ስላችሁ «አንዲት ብሎን ብቻ ናት» ትሉኛላችሁና ይሄን ስሙኝ። ጆሃንስበርግ ውስጥ በብየዳ ሥራ 27 ዓመት ሆነኝ። እዚህ አገር ክሪኬትን ባትወዱትም ታውቁታላችሁ፣ ደንበኛው ሁሉ ሬዲዮ ከፍቶ ነው የሚጠብቃችሁ፣ እኔም እንደዛው ለመድኩት፣ ከተጫዋቾቹ ደግሞ አንጀቴን የበላው ማርክ ባውቸር ነው።

ባውቸር የደቡብ አፍሪካ ቡድን ዊኬት ኪፐር ነበር። ከመቺው ጀርባ፣ ከሦስቱ እንጨቶች ኋላ ቁጢጥ ብሎ ያለፈውን ኳስ የሚቀልበው ሰውዬ ማለት ነው። ቴስት የሚሉት ጨዋታ እስከ 5 ቀን ይሄዳል፣ ቡድኑ ቀኑን ሙሉ ሲወረውር ከዋለ 540 ኳስ ነው፣ በእያንዳንዷ ቁጢጥ ብድግ፣ ቁጢጥ ብድግ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1997 እስከ 2012 ድረስ 147 ቴስት ተጫውቶ 555 መቺ አስወጥቷል፣ እስካሁን የደረሰበት የለም። በ2006 ዋንደረርስ ስታዲየም በአንድ ቀን ጨዋታ አውስትራሊያ 434 አስቆጥራ አለቀ ደቀቀ ሲባል፣ አንድ ኳስ ሲቀር የመጨረሻዋን አራት ነጥብ መትቶ ያሸነፈውም እሱ ነው። እሁድ ነበር፣ አንድ ደንበኛዬ ቤት ሆነን ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸናል።

በሐምሌ 2012 እንግሊዝ ሄዱ። ከዚህ ጉዞ በኋላ አቆማለሁ ብሎ ነበር፣ ሦስቱን ቴስት ቢጫወት 150 ይሞላለታል። ቶንተን ከተማ ላይ ከሱመርሴት ክለብ ጋር ማሟሟቂያ ጨዋታ ነው እንግዲህ፣ ከቴስት የማይቆጠር። ወርዋሪው ኢምራን ታሂር ኳሷን እያሾረ በዝግታ የሚጥል ስለሆነ ባውቸር እንጨቱ ስር ተጠግቶ ቆመ፣ ሄልሜት የለ መነጽር የለ። ኳሷ እንጨቱን ስትመታ ከላይ የምትቀመጠው ቤይል የሚሏት ጣት የምታክል እንጨት ተፈናጥራ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባች። ኦፕሬሽን ተደረገ፣ በማግስቱ ጨዋታ ማቆሙ ተነገረ። ቡድኑ እዛው እንግሊዝን አሸንፎ በቴስት የዓለም አንደኛ ሲሆን እሱ የለም።

እኔን ያገኘኝም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንዲት ብሎን በግራይንደር ልቆርጥ፣ መነጽሬ ግንባሬ ላይ ተሰቅሏል። ቆጥቆጥ የሚያደርግ ነገር ተሰማኝ፣ የዛን ጊዜው አለቃዬ ታጠብና ቀጥል አለኝ፣ ቀጠልኩ። ሁለት ቀን አሸሁት፣ ሐኪሙ ጋ ስደርስ ብረቷ ዓይኔ ላይ ዝጋለች። እስከዛሬ ማታ ስነዳ የመኪና መብራት በቀኝ ዓይኔ ይበታተንብኛል። እና እባካችሁ ብረት ከገባባችሁ አትሹት፣ በጣም ባያምም እዛው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ በፍጥነት የምትፈናጠር ፍንጣሪ ብዙ ሳታሳምም ወደ ውስጥ ዘልቃ ልትገባ ትችላለች።

ባውቸር በኋላ ለአውራሪስ ጥበቃ ሠራ፣ ብሔራዊ ቡድኑንም ከ2019 እስከ 2022 አሰለጠነ፣ ጎበዝ ነው ሥራ አላጣም። እኔ ግን ያቺ ማሟሟቂያ ጨዋታ ከሐሳቤ አትወጣም። ዛሬ ጠዋት አዲሱ ልጅ «ጋሼ፣ አንዲት ብሎን ብቻ ናት» ሲለኝ የግራይንደሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቅዬ ያዝኩት፣ መነጽሩን አምጥቶ እስኪያደርግ ድረስ።