ጥያቄና መልስ፦ እንገሩ በስንት ሰዓቱ ደረሰ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ግልገል ናቸው። በጎች የሚወልዱበት ወቅት መሆኑ ያስታውቃል፤ ግማሾቹ የተጻፉት እኩለ ሌሊት ላይ ነው።

አንድ አንባቢ እንገሩ (በጓ እንደወለደች የሚወጣው የመጀመሪያ ወተት) ቢጫና ወፍራም ሆኖ ሲያዩት መግል መስሏቸው አልበው ደፉት። “ልክ ነኝ?” ይላሉ።

አይደሉም። እንገር ሲባል ቢጫ፣ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው። ግቱ አብጦ ከጋለ ወይም ደም የቀላቀለ ነገር ከወጣ ግን ሐኪም ይየው።

ግልገሉ ሲጠባ ጭራውን ያወዛውዛል፤ ጠግቧል ማለት ነው?

ደስ ብሎታል ማለት ነው። መጥገቡን ለማወቅ ሆዱን ይዳብሱ።

ቀጣዩ ደብዳቤ ረጅም ነው፣ ላሳጥረው። በጓ ማታ መንታ ወለደች። አንደኛው ወዲያው ተነስቶ ጠባ። ሁለተኛው ደከም ያለ ስለነበር “ይረፍ” ተብሎ አደረ። በማግስቱ ማታ እንገር በጡጦ ቀረበለት፣ እስኪጠግብ ጠጣ። በአምስተኛው ቀን ተቅማጥ ይዞት ሞተ። “እንገር ሰጥቼው የለም እንዴ? ምን አጠፋሁ?”

ሰዓቱን ነው ያጠፉት። የሰው ልጅ ማህፀን ውስጥ ሳለ ከእናቱ ደም የበሽታ መከላከያ ያገኛል። የበግ እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም። ግልገል ሲወለድ ደሙ ከመከላከያ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ስንቁ ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። መከላከያው ደግሞ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ሆድ ከገባ መፈጨቱ አይቀርም። አዲስ የተወለደ ግልገል አንጀት ግን ለጥቂት ሰዓታት የተለየ ነው። የግድግዳው ሴሎች ትልልቆቹን ፕሮቲኖች ሳይፈጩ፣ እንዳሉ ውጠው ወደ ደም ያሳልፏቸዋል። ይህ በር ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ እየጠበበ ይሄድና በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጠጣው እንገር ምግብ ይሆነዋል፣ አንጀቱንም ከውስጥ ትንሽ ይጠብቅለታል። ደሙ ውስጥ ግን አይገባም።

በሩ ለጀርምም ክፍት ነው። ጡት ሲፈልግ የቆሸሸ ፀጉር የሚልስ ግልገል ከእንገሩ በፊት ጀርሙን ይውጣል። መኝታው ደረቅ፣ ግቱ ንጹህ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ልኩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ በኪሎ 200። 4 ኪሎ የሚመዝን ግልገል መጀመሪያ 200፣ እስከ ማግስቱ 800 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ ተከፋፍሎ እንጂ ባንዴ አይደለም።

ስለዚህ “ይረፍ” የሚባል ነገር የለም። እናትየውን ይያዟትና የጡቷን ጫፍ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት። ሰም የመሰለች ውታፍ አለችው፤ እሷ ካልወጣች ግልገሉ ባዶ ጡት ሲታገል ያድራል። ወተቱ ሲፈናጠር አፉን ያስይዙት። የእርስዎ ግልገል በዚህ ብቻ ሞተ ብዬ አልምልም፤ ሲወለድም ደካማ ነበር። ለሚቀጥለው ግን ሌሊቱን አይተኙ።

ደካማውን በቱቦ ላጠጣው?

ራሱን ቀና ማድረግ ካልቻለ በፍጹም አያጠጡት፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ጣትዎን አፉ ውስጥ ይክተቱ። ከቀዘቀዘ በቴርሞሜትር ይለኩት፤ ጤነኛው ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ37 በታች ከሆነና ከተወለደ 5 ሰዓት ካለፈው፣ ዝም ብሎ ማሞቅም ሊገድለው ይችላል። የሚያነደው ስብ አልቆበታል፤ መጀመሪያ ስኳር ያስፈልገዋል፣ እሱም በመርፌ ነው። ይህ ከጋዜጣ ተነብቦ የሚሞከር አይደለም። ሐኪም ጋ ይደውሉ። ማንበቡን ያቁሙና ይደውሉ።

በረዶ የሆነ እንገር በማይክሮዌቭ ላሙቀው?

አይሆንም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ የፈላ ውሃም መከላከያውን ያበላሸዋል።

የላም እንገርስ?

ከማጣት ይሻላል። መጠኑን በሲሶ ያህል ይጨምሩ፤ ከብዙ ላሞች የተቀላቀለ ይሁን። የአንዳንዷ ላም እንገር የግልገልን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል። ለማንኛውም ሐኪም ያማክሩ።

የ10 ቀን ግልገሌ ሣር ይቀማምሳል፤ ልከልክለው?

ይተዉት። ሲጠባ ወተቱ ትልቁን ጨጓራ አልፎ ይሄዳል፤ ጨጓራው የሚያድገው ሣርና እህል ውስጡ ሲብላላ ነው። በሦስት ሳምንት ገደማ ሲያመሰኳ ያዩታል። ንጹህ ውሃም ያስቀምጡለት። ይደፋዋል፤ መልሰው ይሙሉለት።