ታጥቦ የወጣ ፎጣ ለምን ይሸታል?

ሳሙና መቀየሩን ተዪው፤ ሽታው ያለው በማሽኑ በር ዙሪያ ባለው ጎማ ውስጥ ነው። «ሳሙና ብጨምርም ፎጣዎቼ እየሸተቱ ይወጣሉ» ብለሻል። ማሽንሽ ከፊት የሚከፈት ከሆነ የጎማውን እጥፋት በጣትሽ ገልጠሽ እዪው። ጥቁር ነጠብጣብና የሚያሟልጭ እድፍ ታገኚያለሽ። ሻጋታና ባክቴሪያ ነው፤ የጨመርሽው ትርፍ ሳሙናም ሳይታጠብ እየቀረ ይመግበዋል።

ጎማውን በሞቀ ውኃና በሳሙና በተነከረ ጨርቅ እጥፋቱ ድረስ እሺው። ቀጥሎ ከፊት ለፊት፣ ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ክፈቺ፤ ማጣሪያው እዚያ ነው። ውኃ ስለሚፈስስ ከሥሩ ዝርግ ሳህን አድርጊ። የተጠራቀመውን ፀጉርና ክር አውጥተሽ እጠቢው። በመጨረሻም ባዶውን ማሽን በ90 ዲግሪ፣ ከሌለው በ60፣ በጥቂት የዱቄት ሳሙና አስኪጂው። ሁልጊዜ በ30 ዲግሪ ማጠብ ሻጋታውን አይገድለውም።

ከዚያ በኋላ በሩን ገርበብ አድርገሽ ተዪው። የእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ እጥበት መሀል ላይ ይቋረጣል፤ እንዲህ ሲሆን እርጥቡ ልብስ ውስጥ እንዳያድር አውጪው።

አደራ፣ በረኪናና አቼቶ አትቀላቅዪ! እኔ ጎማውን በበረኪና አሽቼ፣ ሳላለቀልቅ አቼቶ አፈሰስኩበት። መታጠቢያ ቤቱ ዝግ ነበር፤ ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ዓይኔ አነባ፣ ልጄን አንስቼ ወደ በረንዳ ሮጥኩ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። አንዱን ብቻ ተጠቀሚ፣ እሱንም መስኮት ከፍተሽ።