ደፋር ማስታወቂያ ጎረምሳን ይቀይራል?

«ለወጣቶች ተብለው በቴሌቪዥን የሚለቀቁት ደፋር ደፋር ማስታወቂያዎች እውነት ባህሪ ይቀይራሉ?» ላልከው፦ አዎ፣ ግን ሁሌ ሠሪዎቹ ባሰቡት መንገድ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ «ትሩዝ» የሚባል የፀረ ሲጋራ ዘመቻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በለቀቀው አንድ ማስታወቂያ፣ ወጣቶች የአንድ ትልቅ የትምባሆ ኩባንያ ደጃፍ ላይ 1,200 የአስከሬን ከረጢት ይከምራሉ። በጊዜው በአገሪቱ ትምባሆ በቀን ይገድለው የነበረው ሰው ቁጥር መሆኑ ነው። ልጆቹን «አታጭሱ» ብሎ አይመክርም። «እነዚህ ሰዎች እየሸወዷችሁ ነው» ነው ነገሩ። ጎረምሳ ደግሞ ምክር ቢሰለቸውም መሸወድን አይወድም! በኋላ የተሠሩ ጥናቶች፣ ለወጣት አጫሾች መቀነስ ዘመቻው የራሱ ድርሻ እንደነበረው አሳይተዋል።

በተቃራኒው፣ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት የፀረ ዕፅ ማስታወቂያ ሲገመገም፣ ማሪዋና መጠቀምን አልቀነሰም። እንዲያውም አንዳንዱን ልጅ «ለካ ሁሉም ይሞክረዋል» ሳያሰኘው አልቀረም።

ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ የሚያስደነግጠው ማስታወቂያ አይደለም። ቢራ የያዘው ልጅ ሁሌ ዘናጭ፣ ሁሌ ሳቂታ፣ ሁሌ በጓደኛ የተከበበ የሚሆንበት ነው።