ስለ አልጀብራ ዲፎርሜሽንና ኮሆሞሎጂ፦ ከቱሉ ዲምቱ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ የሒሳብ ተማሪዎችና መምህራን በወረቀት ጽፈው የሰጡኝን ጥያቄዎች፣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ተጠርጎ እንዳይቀር፣ ከነመልሳቸው አስፍሬያለሁ። ሀ እና መ የአልጀብራ፣ ማለትም አባላቱ የሚደመሩበትና የሚባዙበት ስብስብ፣ አባላት ናቸው፤ ተ ግን እንደፈለግን የምናሳንሰው ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አልጀብራ «ዲፎርም ተደረገ» ሲባል የሚለወጠው ምኑ ነው?

መልስ፦ የማባዣ ሕጉ ነው፤ አባላቱና መደመራቸው እንደነበሩ ይቆያሉ። በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ከ1 እና ከሀ የተገነባውን፣ ሀ·ሀ = 0 የሆነበትን ባለ ሁለት ዳይሜንሽን አልጀብራ እንውሰድ። ሕጉን ሀ·ሀ = ተ ብናደርገው፣ ተ ዜሮ ሲሆን የቀድሞውን መልሰን እናገኛለን፤ ተ ከዜሮ ሲለይ ግን ዜሮ ሳይሆን በራሱ ሲባዛ ዜሮ የሚሰጥ አባል ይጠፋና አልጀብራው ለሁለት ይከፈላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኮሆሞሎጂ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ አንዳንዱ ለውጥ የስም ለውጥ ብቻ ስለሆነ ነው። በዚያው ምሳሌ ሰፋ አድርገን ሀ·ሀ = ተ·በ + ተ·ገ·ሀ እንበል፤ በ እና ገ ተራ ቁጥሮች ናቸው። አሁን በሀ ፈንታ ሀ − ተ·ገ/2 የሚለውን አባል ይዘን በራሱ ብናባዛው ውጤቱ ተ·በ + ተ²·ገ²/4 ይሆናል። የተ² ተርም በመጀመሪያው ደረጃ (ተ² እና ከዚያ በላይ ያለውን ትተን ስናይ) ስለማይቆጠር ገ ከነአካቴው ጠፋ፤ ሁለት ቁጥሮች የመረጥን ቢመስለንም እውነተኛው ለውጥ በ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ኮሆሞሎጂ ማለት ይህ ነው፦ የመጣመር ሕግን (ሦስት አባላት ሲባዙ ከየትኛው ጥንድ ብንጀምር ውጤቱ አንድ ነው የሚለውን) በመጀመሪያው ደረጃ የማያፈርሱ ለውጦች፣ የስም ለውጦቹ ተቀንሰውላቸው። ኮሆሞሎጂውን ሆክሺልድ በ1945 አስተዋወቀው፤ ከዲፎርሜሽን ጋር ያለውን ትስስር ገርስተንሃበር በ1964 አሳየ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ኮሆሞሎጂ ዜሮ ከሆነስ?

መልስ፦ አልጀብራው ግትር ነው፤ ማለትም ዲፎርሜሽኑ ሁሉ የስም ለውጥ ብቻ ነው። እዚህ መንገድ ዳር ያሉት በር ሠሪዎች አራቱን ብረቶች ነካ ነካ አድርገው ሲበይዱ ማዕቀፉ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ሰያፍ ብረት ሲገባበት ግን ይጸናል። የሦስት አቅጣጫ መሽከርከርን የሚገልጸው የሊ አልጀብራ (ማባዣው በቅንፍ [ ፣ ] የሚጻፍ፣ አባል በራሱ ሲባዛ ሁልጊዜ ዜሮ የሚሰጥ ዓይነት) እንደዚያ ሰያፍ እንደገባለት በር ነው። ግልባጩ ግን እውነት አይደለም፤ ሁለተኛው ኮሆሞሎጂው ዜሮ ሳይሆን ግትር የሆነ የሊ አልጀብራ መኖሩን ሪቻርድሰን በ1967 አሳይቷል። ሲነኩት ነቅነቅ ብሎ ከዚያ በላይ የማይሄድ በር አለና።

ጥያቄ፦ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የሚይዘው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሦስተኛው ኮሆሞሎጂ ውስጥ የሚኖር እንቅፋት ነው። ሦስተኛው ዜሮ ከሆነ የመጀመሪያው ደረጃ ለውጥ ሁሉ ደረጃ በደረጃ ይቀጥላል። ዜሮ ባይሆንም እንቅፋት የግድ አይገጥምም፤ የላይኛው ምሳሌያችን ራሱ ምስክር ነው።

ጥያቄ፦ ለላይብኒዝ አልጀብራ የሊ አልጀብራን ኮሆሞሎጂ ብጠቀም ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ እመልሳለሁ፦ አይቻልም። የላይብኒዝ አልጀብራ የሊ አልጀብራ ዘመድ ነው፤ ግን [ሀ፣ ሀ] ዜሮ እንዲሆን አይጠይቅም። ከሀ እና ከመ የተገነባ፣ ቅንፉ ሁሉ ዜሮ የሆነ አልጀብራ ያዙና [ሀ፣ ሀ] = ተ·መ በሉ፤ ሌሎቹ ቅንፎች ዜሮ ይሁኑ። ሁለት ጊዜ የተደራረበ ቅንፍ ሁሉ ዜሮ ስለሚሆን የላይብኒዝ ሕግ ይጠበቃል። የሊ አልጀብራ ግን [ሀ፣ ሀ] ዜሮ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ስለዚህ ኮሆሞሎጂው ይህን ለውጥ ፈጽሞ አያየውም። ለላይብኒዝ አልጀብራ ሎዴይና ፒራሽቪሊ በ1993 የራሱን ኮሆሞሎጂ ያዘጋጁለት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ዓይነት መዋቅር ሲገጥማችሁ የሌላውን ቀመር አትዋሱ፤ የመዋቅሩን ሕግ ጻፉ፣ የተለወጠውን ቅንፍ አስገቡበት፣ ከዚያ በተ የተባዛውን ብቻ ለይታችሁ ዜሮ አድርጉት። የሁለተኛው ኮሆሞሎጂ ቅድመ ሁኔታ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።